«ስፖርት ነው፤ ፖለቲካ አይደለም»፦ የሳልስበሪው የሽጉጥ ሻምፒዮና

የዓለም ተግባራዊ የሽጉጥ ተኩስ ሻምፒዮና የት የት እንደተካሄደ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ የገለጠ ሰው ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን ተሰልፈው ያያል፦ ዓመት፣ ቦታ፣ አሸናፊ። 1975፣ ዙሪክ፣ ሬይ ቻፕማን። 1976፣ ሳልዝበርግ፣ ያን ፎስ። 1977፣ ሳልስበሪ፣ ዴቭ ዌስተርሃውት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዓይን ሦስቱንም መስመሮች ሳይደናቀፍ ያልፋቸዋል፤ ከአንድ ሰላማዊ ከተማ ወደ ሌላ ሰላማዊ ከተማ የተደረገ ተራ የስፖርት ጉዞ ይመስላል። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ያ ሦስተኛ መስመር እንዲሁ በዝምታ መታለፍ የለበትም ብዬ ስለማምን ነው።

ለመሆኑ ሳልስበሪ በ1977 ምን ነበረች? የዛሬዋ ሐራሬ፣ የያኔዋ የሮዴዥያ ዋና ከተማ ነበረች። የኢያን ስሚዝ መንግሥት በኖቬምበር 11 ቀን 1965 ከብሪታንያ ተነጥሎ ነጻነቱን በገዛ ሥልጣኑ አውጇል። ከሕዝቡ መካከል ከመቶ አምስት እጅ እንኳ የማይሞሉት ነጮች ቤተ መንግሥቱን፣ ምክር ቤቱንና ለም ለሙን መሬት እንደያዙ ለመኖር ያወጁት ነጻነት ነበር፤ ለቀረው ሕዝብ ግን የባርነት ዘመን ማራዘሚያ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ1968 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 253 ከሮዴዥያ ጋር የሚደረገውን ንግድ አገደ፤ አየር መንገዶች ወደዚያ እንዳይበሩ ከለከለ፤ የሮዴዥያን ፓስፖርት የያዘ ሰው በየትኛውም አገር በር እንዳይገባ አዘዘ። የቅርብ ወዳጇ ደቡብ አፍሪካ እንኳ መደበኛ ዕውቅና ልትሰጣት አልደፈረችም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም በ1975 ከአባልነት አሰናበታት።

በ1977 ደግሞ አገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የገጠር ነዋሪዎች ከቀዬአቸው ተነቅለው፣ በአጥር በተከለሉና ዘብ በሚጠብቃቸው ሰፈሮች ታጉረው ነበር። ይህም «ጥበቃ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የሮዴዥያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ሞዛምቢክ ውስጥ ቺሞዮ የሚገኘውን የነጻነት ታጋዮች ሰፈር በአውሮፕላንና በእግረኛ ሲደበድብ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ይገኙባቸው ነበር። እንግዲህ የዓለም የሽጉጥ ተኳሾች ሻምፒዮናቸውን ሊያካሂዱ የመረጧት አገር ይህች ነበረች። ሄዱ፤ ተኮሱ፤ ነጥብ ተቆጠረ፤ ሮዴዥያዊው ዌስተርሃውት አሸነፈ፤ ዋንጫ ተሰጠ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ተመለሰ።

ጥያቄው ሲነሳ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «እኛ ስፖርተኞች ነን፤ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም።» ይህ መልስ ከአንድ ዋናተኛ ወይም ከአንድ የቼዝ ተጫዋች አፍ ቢወጣ ቢያንስ ልንከራከርበት እንችል ነበር። ከዚህ ስፖርት ባለቤቶች አፍ ሲወጣ ግን የገዛ ራሳቸው ትምህርት ያፈርሰዋል።

ተግባራዊ ተኩስ የሚባለው ውድድር በኦሊምፒክ ከምናውቀው የሽጉጥ ውድድር የተለየ ነው። የኦሊምፒኩ ተኳሽ በአንድ ቦታ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ክቡን ይመታል። የተግባራዊ ተኩስ ተወዳዳሪ ግን ሽጉጡን ከወገቡ መዞ፣ ከግርዶሽ ወደ ግርዶሽ እየሮጠ፣ እዚህም እዚያም የተተከሉትን በርካታ ኢላማዎች ይመታል፤ ያገኘው ነጥብም በፈጀው ሴኮንድ ይካፈላል። ጥይቱም በጉልበቱ ይመዘናል፤ ኃይለኛ ጥይት የተኮሰ የተሻለ ነጥብ ያገኛል። የስፖርቱ መፈክር ሦስት የላቲን ቃላት ናቸው፤ ትርጉማቸውም ጥንቃቄ፣ ኃይል፣ ፍጥነት ማለት ነው። ዓለም አቀፉ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በኮሎምቢያ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ሲሆን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የቀድሞው የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን ጄፍ ኩፐር ነበር። የኩፐርና የጓዶቹ ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ሽጉጥ የተፈጠረው ለፍልሚያ ነው፤ ስለዚህ ውድድሩም ከእውነተኛው ሕይወት የራቀ ጨዋታ ሳይሆን ሰው በፍልሚያ ላይ የሚያስፈልገውን ችሎታ የሚፈትን መሆን አለበት። «ተግባራዊ» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሐሳቡን አልነቅፍም። እንዲያውም ሐቀኝነት አለበት፤ ሽጉጥን የአበባ ማስቀመጫ አስመስሎ አያቀርበውም። ግን አንድ ሰው በሁለት ቢላዋ መብላት አይችልም። ስፖርቱ ከሕይወት ጋር የተጋባ ነው ብሎ የጀመረ ድርጅት፣ በተመሠረተ በማግስቱ ዓመት ሳልስበሪ ላይ ሲደርስ፣ ስፖርቱ ከሕይወት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ሊለን አይገባውም። በ1977 ሮዴዥያ ውስጥ የሽጉጥ ተኩስ «ተግባር» ምን ነበር? የነጭ ገበሬ ሽጉጥ ታጥቆ ገበያ በሚወጣባት፣ የጥቁር ገበሬ ማታ ከአጥሩ ውጭ ከተገኘ በጥይት ሊመታ በሚችልባት አገር ፈጥኖ መዝዞ መተኮስ የማን ችሎታ ነበር? በማንስ ላይ? ካርቶኑ መልስ አይሰጥም፤ አገሩ ግን ይሰጣል።

አሁን ደግሞ እኛን ወደሚመለከተው ልምጣ። በዚያ ዘመን «ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም» የሚለውን ክርክር በሥራ ከመለሱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ1968 ደቡብ አፍሪካ ወደ ሜክሲኮ ኦሊምፒክ እንድትመለስ ሲፈቀድ እንደማይሳተፉ ቀድመው ካስታወቁት አገሮች መካከል ነበረች፤ ግብዣውም ተሰረዘ። በ1972 ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ አገሮች ሮዴዥያ ከተሰለፈች ሙኒክን ጥለው እንደሚወጡ ሲያሳውቁ፣ ጨዋታው ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት የኦሊምፒክ ኮሚቴው በ36 ድምፅ ለ31፣ በ3 ድምፀ ተዓቅቦ ሮዴዥያን አስወጣ። በ1976 ደግሞ የሶዌቶ ተማሪዎች ደም ገና ሳይደርቅ የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን ሲጎበኝ፣ ከሃያ በላይ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀሩ። ኢትዮጵያም ቀረች።

ያ መቅረት ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውንም የከፈሉት ሚኒስትሮች አይደሉም፤ እንደ ምሩፅ ይፍጠር ያሉ ሯጮች ናቸው። ምሩፅ በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ወስዶ ነበር። በሞንትሪያል የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቆች ወደ ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን ሲሄዱ ማርሽ ቀያሪው በመሙ ላይ አልነበረም። ለሯጭ አራት ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በ1977፣ ማለትም ሽጉጠኞቹ በሳልስበሪ በተወዳደሩበት በዚያው ዓመት፣ ምሩፅ በዱሰልዶርፍ የዓለም ዋንጫ በሁለቱም ርቀቶች አሸነፈ፤ ለብሶ የሮጠውም የአፍሪካን ቡድን ማሊያ ነበር። እነሆ በአንድ ዓመት ሁለት ዓይነት ስፖርተኛ፦ አንዱ ስለ አፍሪካ ክብር ከኦሊምፒክ የቀረና ለአፍሪካ የሮጠ፤ ሌላው የአፍሪካን ክብር ወደረገጠች ከተማ ሽጉጡን ይዞ የሄደ። ሰንጠረዦቹ ሁለቱንም «ስፖርት» ይሏቸዋል።

ይህን ስል «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በ1977 አዲስ አበባ ከሳልስበሪ የተሻለች የፍትሕ ከተማ አልነበረችም። ምሩፅን ከሞንትሪያል ያስቀረው ደርግ በዚያን ዓመት የወጣቶችን ሬሳ በየመንገዱ ዳር እያስጣለ ነበር። ስለ ዚምባብዌ ጭቁኖች መግለጫ የሚያወጣ መንግሥት የገዛ ልጆቹን እናቶች እንዳያለቅሱ ይከለክል ነበር። ይህን ለመሸፈን የሚሞክር ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? የደርግ ነውር ስሚዝን ያጸድቀዋልን? ከሞንትሪያል የመቅረቱ ውሳኔ ትክክለኛነት የመጣው ከደርግ ንጽሕና አይደለም፤ ደርግ ንጽሕና አልነበረውምና። የመጣው ከጥያቄው እውነተኛነት ነው። እንዲያውም የእኛ ታሪክ የሚያስተምረን ተቃራኒውን ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመን የውጭ ስፖርተኞች መጥተው ደስ የሚል ውድድር አድርገው፣ ስለ መስተንግዷችን አመስግነው ቢሄዱ ኖሮ፣ ልጃቸውን ለቀበሩ እናቶች ምን ይሰማቸው ነበር? ለቺሞዮ እናቶችም የተሰማቸው ያው ነው።

ሌላው ክርክር «ስፖርተኛው ምን አጠፋ? በቆዳው ቀለም ለምን ይቀጣል?» የሚል ነው። ለዚህ ታሪክ ራሱ ያማረ መልስ ሰጥቷል። ዚምባብዌ በኤፕሪል 1980 ነጻ ወጣች። ከሦስት ወር በኋላ በሞስኮ ኦሊምፒክ የዚምባብዌ የሴቶች ሆኪ ቡድን የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። የቡድኑ አባላት በሙሉ ነጮች ነበሩ። በዚህ ምክንያት ሞስኮን ጥሎ የወጣ አንድም የአፍሪካ አገር የለም። ምሩፅም በዚያው ኦሊምፒክ የተነፈጋቸውን ሁለት ወርቆች አንድ ላይ ወሰደ። አፍሪካ የታገለችው ነጭ ቆዳን አልነበረም፤ በቆዳ ላይ የተመሠረተ መንግሥትን ነበር። መንግሥቱ ሲወድቅ በሩ ለሁሉም ተከፈተ።

«በዚያ ዘመን ማን ያውቅ ነበር?» ለሚለውም መልስ አለ። ቢያንስ ከሳልስበሪ በኋላ አላወቅንም ማለት አይቻልም ነበር። በጁን 1977 የኮመንዌልዝ መሪዎች በግሌንኢግልስ ስምምነት ከአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ጋር የሚደረግ የስፖርት ግንኙነትን ለማስቆም ተስማሙ። በኖቬምበር 1977 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 418 በደቡብ አፍሪካ ላይ አስገዳጅ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። ቀጣዩ የዓለም የሽጉጥ ሻምፒዮና የት ተካሄደ? በ1979፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ። ዓለም መሣሪያ አትሽጡላት ባላት አገር የመሣሪያ ዋንጫ ተዘጋጀ። አንድ ጊዜ ስህተት ይባላል፤ ሁለት ጊዜ ግን «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ነው።

ዛሬ ጉዳዩ ያረጀ ይመስላል። ሻምፒዮናው በ2002 ነጻ ወደወጣችው ደቡብ አፍሪካ ተመልሷል፤ በ2025ም በዚያችው አገር፣ በማትሎሳና ተካሂዷል። መልካም ነው፤ ማንም አይቃወምም። ደግሞም የተኩስ ስፖርት ውሳኔ መስጠት እንደሚችል ራሱ አሳይቷል፤ የኦሊምፒኩን ተኩስ የሚመራው ሌላው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር የሩሲያንና የቤላሩስን ተወዳዳሪዎች አግዷል፤ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ራሱ ሩሲያዊ በነበረበት ወቅት! ስለዚህ «ስፖርት ፖለቲካ አይደለም» የሚለው ቃል ሕግ አይደለም፤ የሟቹ ማንነት እየታየ የሚነሳና የሚወድቅ መጋረጃ ነው። ለአውሮፓዊው ሟች የሚቀደድ መጋረጃ ለአፍሪካዊው ሟች ለምን እንደተዘጋ ቀረ?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የዌስተርሃውት ዋንጫ ይነጠቅ አላልኩም፤ የተኮሰውን ተኩሷል፤ ያሸነፈውን አሸንፏል። ታሪክ ይሰረዝም አላልኩም፤ መሰረዝማ መደበቅን ማገዝ ነው። የምጠይቀው ታሪኩ እንዲሞላ ነው። ከ«1977፣ ሳልስበሪ» አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ ይህ ውድድር የተካሄደው ዓለም ዕውቅና በነፈገው፣ አብዛኛውን ሕዝብ ከአገሩ አስተዳደር ባገለለ ሥርዓት ውስጥ፣ በጦርነት መካከል ነው። ከ1979 አጠገብም እንዲሁ። ይህ ስፖርት በሰው ቅርጽ የተሠራው ካርቶን ዓይን ይወጋል ተብሎ ጭንቅላት የሌለው ኢላማ የተቀረጸለት ስፖርት ነው። ለካርቶን ጭንቅላት ይህን ያህል የተጠነቀቀ ለሰው ልጅ መታሰቢያ አንድ መስመር አይነፍግም።

አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። ከመፈክራቸው ሦስት ቃላት የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ኃይሉንና ፍጥነቱን በሳልስበሪ አይተነዋል፤ የጠፋው ጥንቃቄው ነበር።

ቸር ይግጠመን።