«11 ቁጥር አለህ?» በል

ማስክ ልትገዛ ደብረ ብርሃን ልትወርድ ነው አሉ።

«ማን ነገረህ?»

መሐል ሜዳ ውስጥ ምን የሚደበቅ ነገር አለ! እሰየው ነው። እስከ ዛሬ በዚያ በፀሐይ መነጽርህ ስትበይድ መኖርህ ራሱ ይገርመኛል።

«ምኑ ይገርምሃል? ጥቁር እኮ ነው። ከዚያ በላይ ምን ይጠቁር?»

የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ጥቁረቱ የሚቀንስልህ የምታየውን ብርሃን ነው። ሌሊት ከእንቅልፍህ የሚያስነሳህ ግን የማታየው ነው፤ አልትራቫዮሌት የሚሉት። ከመንገድ ዳር የተገዛ መነጽር የሚታየውን አጨልሞ የማይታየውን ሊያሳልፈው ይችላል። ጨለማ ሲሆን ደግሞ የዓይንህ ብሌን ይሰፋል፤ በሩን ከፍተህ ጠበቅከው ማለት ነው። ጥሩ የተባለው የፀሐይ መነጽር እንኳ አልትራቫዮሌቱን ቢያግድ ለብየዳው ብልጭታ (ለአርኩ) ድምቀት አልተሠራም፤ ጎኑም ክፍት ነው፤ ፊትህና አንገትህም እንደተጋለጡ ናቸው።

«አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰል ፊት ተቀምጠው ማረሻ የቀጠቀጡ ሰው ናቸው። መነጽር የሚባል አያውቁም። አርጅተውም መርፌ ላይ ክር ያስገቡ ነበር።»

ነፍሳቸውን ይማር። እሳቱ ግን አንድ አይደለም። ወናፍ ተነፍቶበት ቢጫ የሆነ ብረት ከ1000 እስከ 1200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በዚያ ሙቀት የሚወጣው ቀዩ ብርሃንና ከቀዩ በታች ያለው የሙቀት ጨረር ነው፤ አልትራቫዮሌቱ ከቁጥር አይገባም። ያም ቢሆን ለዓመታት ሲጠራቀም የዓይን ሞራ ያመጣል፤ የመስታወት ፋብሪካ ሠራተኞች በዚህ የታወቁ ነበሩ። አያትህ ዕድለኛ ናቸው በለው። ያንተ አርክ ደግሞ ከ5000 ዲግሪ በላይ ነው፤ የፀሐይ ገጽ ራሱ 5500 ገደማ ነው። በአንተና በፀሐይ መካከል ኦዞኑና አየሩ አለ። በአንተና በአርኩ መካከል ያለው አንድ ክንድ ነው።

ለዚያ ነው ቀን ምንም ሳይሰማህ በልተህ፣ ጠጥተህ፣ ተኝተህ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ዓይንህ ውስጥ አሸዋ የተበተነ መስሎህ የምትነሳው። ሕመሙ የሚጀምረው ከሥራው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። የዓይንህ የላይኛው ስስ ቆዳ ተቃጥሏል ማለት ነው።

«ድንች ቆርጬ አስቀምጥበታለሁ፤ በማግስቱ ይተወኛል።»

ድንቹ አቀዝቅዞልህ እንጂ አድኖህ አይደለም። በአንድ ሁለት ቀን በራሱ ይድናል። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረህ ብታሳርፍበት ያው ነው፤ አፈርም አይገባበትም። አትሸው። ደግሞ አንዱ ጓደኛህ «ወዲያው የሚያስታግስ» ብሎ የሚያደነዝዝ ጠብታ ቢሰጥህ አትቀበል። እሱ ሐኪም ለምርመራ አንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ነው፤ ቤትህ ወስደህ ስታንጠባጥብ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። በሁለት ቀን ካልተሻለህ ወይም እይታህ ከደበዘዘ ጤና ጣቢያ ነው።

«እሺ፣ ማስኩን ገዛሁ እንበል። ምን ብዬ ልጠይቅ?»

ቁጥሩን ጠይቅ። ከማስኩ ይልቅ ማስኩ ላይ ያለው መስታወት ነው ዋናው ነገር፤ ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ በአንድ ከፍ ሲል የሚያልፈው የሚታይ ብርሃን በ2.7 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። 10 ቁጥር ከ7000 እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አንተ የምትሠራው ምንድን ነው?

«በርና መስኮት ነዋ! ጓሳውን አፍርሶ ቆርቆሮ ያለበሰ ሁሉ የላሜራ በር ይፈልጋል። ቱቦላሬ፣ ላሜራ፤ አልፎ አልፎ የጋሪ አክስል።»

በ2.5 ኤሌክትሮድ ከሆነ 70፣ 80 አምፔር ላይ ነህ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ60 እስከ 160 አምፔር ከ8 በታች አትውረዱ፣ 10 ይመረጣል ይላል፤ አውሮፓውያኑ ጠበቅ ያደርጉታል። ስለዚህ 10 ወይም 11 ግዛ። ለአክስሉ 4 ኤሌክትሮድ ስታነሳና ከ160 ስታልፍ 12 ያስፈልግሃል።

«ለምን አንዴ 14 ገዝቼ አልገላገልም?»

የቀለጠውን ብረት ሳታየው ምኑን ትበይዳለህ? ሳይታይህ ሲቀር አንገትህን ታስገባለህ፤ ጭሱ ውስጥ ገብተህ ትተነፍሳለህ፤ በመጨረሻም ተናድደህ ማስኩን ትወረውረዋለህ። ደህናው ማስክ ደኅና አድርጎ የሚያሳይህ ነው። ከጨለማው ጀምር፤ ቀልጦ የሚፈሰው ኩሬ ዳርና ዳሩ እስኪለይልህ ድረስ ቁጥሩን ቀንስ፤ ከዝቅተኛው ግን አትውረድ። ሻጩ አረንጓዴ ክብ መስታወት አምጥቶ «ያው የብየዳ ነው» ቢልህ ቁጥሩን እይ። 5 ከሆነ የጋዝ ብየዳ ነው፤ ለአርክ አይሆንም።

«ያኔ ፀሐይ ስትጋረድ በብየዳ መስታወት አይደል እንዴ ያየነው? ምንም አልሆንን።»

ሰኔ 14 ቀን 2012! ላሊበላ ላይ ቀለበት የሠራችበት እሑድ። ልክ ነህ፣ የብየዳ መስታወት ያልተዋሰ አልነበረም። ለፀሐይ ግን ከ12 በታች አይሆንም፤ 14 ነው ደኅናው፤ እሱ ከ370 ሺህ እጅ አንዱን ነው የሚያሳልፈው። ሱቅህ ውስጥ ያለው 10 ከሆነ በእሱ ፀሐይን ያየ ሰው በደኅና እንዳየ አይቁጠረው። አርክን በሥራ ላይ ማየትና ፀሐይን አንጋጦ ማፍጠጥ ይለያያሉ።

«ያ በራሱ የሚጨልመውስ? ደብረ ብርሃን አይቼዋለሁ፤ ዋጋው ግን!»

ጥሩ ነገር ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ስዊድኖች ስፒድግላስ ብለው ለገበያ ያወጡት ነው። ዋና ጥቅሙ አርኩን ስትጀምር ነው። በተራው ማስክ ምንም ስለማይታይህ ኤሌክትሮዱን ቦታው ላይ አስጠግተህ ማስኩን በአንገትህ ነቅነቅ አድርገህ ትጥላለህ፤ አንዳንዴ ይዘገይና ብልጭታውን ትጠጣዋለህ። አውቶማቲኩ ይህን ያስቀርልሃል። ደህና የተሠራው ደግሞ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ አልትራቫዮሌቱን ሁልጊዜ ያግዳል፤ የሚሳነው ድምቀቱን መቀነስ ብቻ ነው። ላዩ ላይ የደረጃው ምልክትና «9–13» ዓይነት ቁጥር የሌለበትን ግን አልጠጋውም።

አንድ የኛ አገር ችግር ልንገርህ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ብርድ አይወድም፤ ሲበርደው ለመጨለም ይዘገያል። እኛ ከ3000 ሜትር በላይ ነን፤ የታኅሣሥ ውርጭ ላይ ሱቅ ውስጥ ያደረ ማስክ ጠዋት አያስተማምንም። ማታ ቤትህ ይዘኸው ግባ። ቀን ደግሞ ደጅ ስትሠራ ጠንካራው ፀሐይ ብቻውን ያጨልመዋል፤ ለብርሃን የሚነቃበትን መቆጣጠሪያ ዝቅ ማድረግ ነው።

«ስትፈጭ ስትቆርጥስ?»

ለግራይንደሩ ሌላ ጥርት ያለ መነጽር ግዛ፤ ጎኑ የተዘጋ። የብየዳ ቅርፊት ስትቀጠቅጥም አታውልቀው። ማስኩን ወደ ላይ ስታነሳ ነው ፍንጣሪው የሚያገኝህ። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ አልከራከርህም።

«በቃ እንግዲህ፣ አንድ ማስክ፣ 11 ቁጥር፣ አንድ መነጽር።»

ረዳትህስ?

«እሱማ በሩን ሲይዝልኝ ፊቱን ያዞራል።»

ፊቱን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ ነው የሚያዞረው፤ ቆርቆሮው ብልጭታውን መልሶ ይሰጠዋል። ተቀጣሪ ከሆነ መከላከያ የማቅረቡ ግዴታ ያንተ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን አንብብ።

«የእህቴ ልጅ እኮ ነው!»

እህትህ ከአዋጁ የምትብስ መሰለኝ። በእጅ የሚያዘውን ርካሹን ግዛለት፣ 10 ቁጥር።

«በሁለት እጁ በር ይዞ ማስኩን በየትኛው ይያዘው?»

ልክ ነህ። እንግዲያው ሁለቱም ራስ ላይ የሚደረጉ ይሁኑ። ለአውቶማቲኩ ባሰብከው ገንዘብ ሁለት ተራ ማስክ፣ ትርፍ መሸፈኛ መስታወትና ለልጆቹ መከለያ የሚሆን ወፍራም ሸራ ግዛ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እኮ ተደርድረው ብልጭታውን ያያሉ። አውቶማቲኩን ያ ደንበኛህ የግቢ በሩን ሒሳብ ሲከፍልህ ትገዛዋለህ።

«ሰውዬውን አታውቀውም ማለት ነው።»