ሦስት የሚዲያ ጉባኤዎች በሁለት ወር፦ ለአማርኛ ተናጋሪው ምን ይዘዋል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚዲያ ጉባኤዎች ወቅት ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 8 እስከ 10 ቀን 2025 አቡ ዳቢ «ብሪጅ» የተሰኘውን ጉባኤ ታስተናግዳለች። ከጃንዋሪ 9 እስከ 11 ቀን 2026 ዱባይ «የአንድ ቢሊዮን ተከታዮች ጉባኤ»ን ታካሂዳለች። ከፌብሩዋሪ 2 እስከ 4 ደግሞ የሳዑዲ የሚዲያ መድረክ በሪያድ ይከፈታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከኅዳር 29 እስከ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ማለት ነው። ሦስቱም የረመዳን ወር ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ይጠናቀቃሉ።

እነዚህ መድረኮች በስማቸው የጋዜጠኞችና የሚዲያ ባለሙያዎች ናቸው። የሚነሱባቸው ጉዳዮች ግን ከባለሙያዎቹ ክበብ ውጭ ያለውንም ሰው ይነካሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ ማን ይሠራል? ሐሰተኛ ወሬ ያጋራ ሰው ተጠያቂነቱ እስከ ምን ድረስ ነው? የማሽን ትርጉምስ ምን ያህል ይታመናል? በአካባቢው በሚኖሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል የጋዜጠኝነት መታወቂያ የያዘው ጥቂት ነው፤ ስልኩን ከፍቶ ለወገኖቹ ወሬ የሚያደርሰው፣ ዕቃ የሚያስተዋውቀው፣ መመሪያ የሚያብራራው ግን ብዙ ነው።

ከሦስቱ ምን ይጠበቃል?

«ብሪጅ» በአቡ ዳቢ ብሔራዊ የኤግዚቢሽን ማዕከል የሚካሄድ አዲስ ጉባኤ ነው። አዘጋጆቹ ከ400 በላይ ተናጋሪዎችንና ወደ 60,000 የሚጠጉ ተሳታፊዎችን እንደሚጠብቁ አስታውቀዋል። ዜናን፣ የይዘት ፈጠራን፣ ፊልምን፣ ሙዚቃን፣ የኮምፒውተር ጨዋታንና ማስታወቂያን በአንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰቡ ዘርፉ ወዴት እያመራ እንደሆነ ያመለክታል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2024 በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ዓለም አቀፍ የሚዲያ ኮንግረስ ስታስተናግድ ስለቆየች ለእንዲህ ያለው ዝግጅት እንግዳ አይደለችም።

የዱባዩ ጉባኤ ትኩረት በይዘት ፈጣሪዎች ላይ ነው። የሚያዘጋጀው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መንግሥት የሚዲያ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ተካሂዷል። ለዘንድሮው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለተሠራ ምርጥ አጭር ፊልም የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተዘጋጅቷል። የሪያዱ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረ ነው፤ ከውይይቶቹ ጎን ለጎን የመገናኛ ብዙኃን ቴክኖሎጂዎች የሚታዩበት ኤግዚቢሽን ይካሄዳል።

ሕጉ ከጉባኤው ቀድሟል

ከጉባኤዎቹ ድምቀት ይልቅ የብዙውን ሰው ኑሮ የሚነካው በዘርፉ የወጡት ሕጎች ናቸው። የኤምሬትስ የሚዲያ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 መጨረሻ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ የሚሠሩ ግለሰቦች የአስተዋዋቂነት ፈቃድ እንዲይዙ የሚያስገድድ አሠራር ይፋ አድርጓል። ግዴታው ክፍያ የሚገኝበትንም የማይገኝበትንም ማስታወቂያ ይመለከታል። ለዜጎችና ለነዋሪዎች ፈቃዱ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በነጻ ይሰጣል። የራሱን ምርት ወይም የራሱን ድርጅት የሚያስተዋውቅ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም። የመመዝገቢያው ጊዜ እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2026 ተራዝሟል፤ ይህም የሪያዱ መድረክ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ «መውሱቅ» የተባለው ፈቃድ ይሠራበታል። ክፍያው ለሦስት ዓመት 15,000 ሪያል ነው። ሳዑዲያዊ ያልሆኑ ነዋሪዎችና ጎብኚዎች ፈቃድ ሳይኖራቸው ማስታወቂያ እንዳያሰራጩ የዘርፉ ተቆጣጣሪ አካል በዚያው ዓመት ጁን ላይ አስታውቋል።

በአማርኛ ቲክቶክ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አይከብድም። በቀጥታ ሥርጭት ላይ ያለች አንዲት እህት የጓደኛዋን የልብስ ሱቅ፣ የአንዱን ካርጎ ወይም ገንዘብ ማስተላለፊያ ስታስተዋውቅ ውለታ መዋሏ እንጂ ማስታወቂያ መሥራቷ አይመስላትም። ሕጉ ግን የሚያየው በማስታወቂያነቱ ነው።

ሐሰተኛ ወሬን በተመለከተም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኤምሬትስ የወሬና የሳይበር ወንጀሎች መከላከያ ሕግ፣ ሐሰተኛ ዜናን በኢንተርኔት ያሰራጨ ወይም መልሶ ያዘዋወረ ሰው ቢያንስ የአንድ ዓመት እስራትና የ100,000 ዲርሃም ቅጣት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። «እኔ አልጻፍኩትም፤ የደረሰኝን ነው ያስተላለፍኩት» የሚለው ምክንያት ከተጠያቂነት አያድንም። እነዚህን ድንጋጌዎች በአማርኛ አብራርቶ የሚያቀርብ ባለሙያ በጠፋበት ቦታ ሰው ሕጉን የሚያውቀው ከተከሰሰ በኋላ ይሆናል።

የመረጃ ክፍተት ዋጋ

ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ላለፈባቸው ሰዎች የምሕረት ጊዜ ሰጥታ ነበር። በኦክቶበር 31 ሊያበቃ የነበረው ጊዜ እስከ ዲሴምበር 31 ተራዝሟል። በዚያ ወቅት የተከማቸ ቅጣት ይነሣ ነበር፤ አገሩ የሚመለስም ዳግም የመግባት ክልከላ አይጣልበትም ነበር። ይህን በትክክል የተረዳ ሰው ወረቀቱን አስተካክሎ ወይም ተሰናብቶ በሰላም ይሄዳል። «ከሄድክ ተመልሰህ አትገባም» የሚል የደላላ ወሬ ብቻ የሰማ ግን ተደብቆ ይቀራል። ሁለቱን የሚለያቸው በሚገባቸው ቋንቋ፣ በጊዜው የደረሰ አንድ እውነተኛ ዜና ነው።

የሐጅ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በ1445 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ2024) በተካሄደው ሐጅ በከባድ ሙቀት ወቅት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነርሱም 83 በመቶዎቹ ፈቃድ ያልነበራቸው መሆኑን የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ፈቃድ የሌለው ሑጃጅ ከተደራጀው መጠለያ፣ መጓጓዣና ማቀዝቀዣ ውጭ ሆኖ በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግሩ ለመጓዝ ይገደዳል። የሳዑዲ ባለሥልጣናት በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚያስተዋውቁ ሐሰተኛ የሐጅ ዘመቻዎች ሰው እንዲጠነቀቅ በየዓመቱ ያሳስባሉ። ማሳሰቢያው በዓረብኛ ብቻ ቢቀር፣ አጭበርባሪው ግን በአማርኛ ቢናገር፣ የማን ድምፅ ቀድሞ እንደሚሰማ ግልጽ ነው።

ትርጉም ብቻውን በቂ ነውን?

አማርኛ በአካባቢው ፈጽሞ የተዘነጋ ቋንቋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የዐረፋ ኹጥባ በቀጥታ ከተተረጎመባቸው 20 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ከዐረፋ ሜዳ የሚነገረው በአማርኛ መሰማት ከቻለ፣ የሠራተኛና የመኖሪያ ፈቃድ መመሪያም በአማርኛ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

በዘንድሮዎቹ ጉባኤዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዋና መነጋገሪያ መሆኑ አይቀርም። የጉግል የትርጉም አገልግሎት አማርኛን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህም ማሽኖቹ ተሻሽለዋል። ይሁን እንጂ ቃላቱ በትክክል ተተርጉመው መልእክቱ ሊሳሳት ይችላል። ቀላሉ ምሳሌ ሰዓት ነው። በዓረብኛው ማስታወቂያ ቀጠሮው ከጠዋቱ 8 ሰዓት ቢሆንና ማሽኑ «8 ሰዓት» ብሎ ቢያስቀምጠው፣ በአገሯ አቆጣጠር የለመደች ሠራተኛ የምትረዳው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓትን ነው። ያም በዓረቡ ሰዓት ከቀኑ 2 ሰዓት ስለሆነ ስድስት ሰዓት ዘግይታ ትደርሳለች። የዘመን አቆጣጠሩም ሦስት ነው፦ ጾሙና ሐጁ በሂጅራ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ በጎርጎርዮሳዊው፣ ከአገር ቤት የመጣው ሰነድ በኢትዮጵያው። በአክብሮት አጠራርም ማሽኑ ሴቷን «አንተ»፣ አባትን «አንቺ» ሲል ይገኛል። አንባቢው የሚያምነው ይህን ሁሉ አጣርቶ የሚያቀርብ ሰው ሲኖር ነው፤ ያም የጋዜጠኛው ሥራ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በጉባኤዎቹ ላይ ለመገኘት ሁሉም አቅም የለውም። በዕረፍት ቀኗ እንኳ ከቤት ለመውጣት ፈቃድ የሚያስፈልጋት የቤት ሠራተኛ አዳራሽ እንድትገባ አይጠበቅም። ነገር ግን የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማኅበራት፣ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች፣ በአማርኛ የሚሠሩ የሚዲያ ተቋማትም ለእያንዳንዱ ጉባኤ አንድ አንድ ሰው እንኳ ቢመድቡ ብዙ ይገኛል። የተመደበው ሰው የውይይቱን ፍሬ ነገር፣ በተለይም ስለ ፈቃድና ስለ ተጠያቂነት የሚነገረውን፣ በአማርኛ ጽፎ ቢያሰራጭ ጥቅሙ ከአንድ ሰሞን ያልፋል። ዕድሉን ያገኘ ባለሙያ ደግሞ የአማርኛ ተናጋሪውን ጥያቄ ይዞ ሊገባ ይገባል። የምሕረት ዐዋጆችና የሐጅ ማሳሰቢያዎች በወጡበት ቀን በአማርኛም እንዲወጡ መጠየቅ ከማንም ጋር አያጋጭም፤ የአስተናጋጆቹ አገሮች ፍላጎትም ሕጋቸው እንዲታወቅ ነውና።

ተከታይ ያላቸው የአማርኛ ይዘት ፈጣሪዎችም ከአሁኑ የሚያደርጉት አለ። በኤምሬትስ የሚኖሩት ጃንዋሪ 31 ከመድረሱ በፊት ፈቃዱ ይመለከታቸው እንደሆነ ከሚዲያ ምክር ቤቱ ማጣራት አለባቸው። በሳዑዲ የሚኖሩትም ማንኛውንም ማስታወቂያ ከመቀበላቸው በፊት የነዋሪዎችን ደንብ ሊጠይቁ ይገባል። ለሁሉም ደግሞ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው የአገር ቤት ብሂል ዛሬም ይሠራል፤ የሰሙትን ከማጋራት በፊት ምንጩን መመልከት የሰሚውንም የተናጋሪውንም ደኅንነት ይጠብቃል።

የሪያዱ መድረክ ሲዘጋ ረመዳን በደጅ ይሆናል። የዘካና የሰደቃ ጥሪዎች፣ የዑምራ ጉዞ ማስታወቂያዎች፣ ቀጥሎም የሐጅ ምዝገባ ወሬዎች በየስልኩ የሚበዙበት ወቅት ነው። የሦስቱ ጉባኤዎች ጥቅም ለአማርኛ ተናጋሪው የሚታወቀውም ያኔ ይሆናል፦ በእነዚያ ሳምንታት እውነተኛው መረጃ ከአጭበርባሪው ቀድሞ በአማርኛ የደረሰው እንደሆነ።