መልእክት ገንዘብ አይደለም



በአዳማ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ እናት ቀደም ሲል የመቂንና የባቱን ዋጋ የምትሰማው ጭነቱን ይዞ ከሚመጣው ነጋዴ አፍ ነበር። ዛሬ ግን ጎሕ ሳይቀድ በእጅ ስልኳ ደውላ ትጠይቃለች፤ ዋጋውን አውቃም ትደራደራለች። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የሽያጩን ገንዘብም በስልክ መቀበል ተችሏል። ብር በመቀነት ቋጥሮ በአውቶቡስ መንገላታትም ቀርቶላታል።

ይሁን እንጂ አዲስ መሣሪያ አዲስ ሌባ ሳያስከትል አይቀርም። ገዢ መስሎ የቀረበ ሰው «ልኬያለሁ» ብሎ የከፈለ የሚያስመስል ጽሑፍ በስልኩ ላይ ያሳያል፤ ወይም ሐሰተኛ መልእክት ይልካል። ገበያው በደራበት ሰዓት ይህን አምና ዕቃዋን የምታስረክብ እናት የምታጣው የዕለት ትርፏን ብቻ ሳይሆን የነገ መነሻዋንና የልጆቿን ቀለብ ጭምር ነው።

ስለሆነም ዕቃ ከማስረከባችሁ በፊት የራሳችሁን ሂሳብ ተመልከቱ። የቴሌብር ተጠቃሚዎች ኢንተርኔት ባይኖርም በ*127# ቀሪ ሂሳባችሁን ማየት ትችላላችሁ። «ከመሥሪያ ቤቱ ነው የምደውለው» ለሚል ሰው የምሥጢር ቁጥራችሁን ከቶ አትንገሩ። «በስሕተት ልኬብሻለሁና መልሺልኝ» የሚል ሲደውልም ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ማንበብ የሚያዳግታችሁ እናቶች ልጆቻችሁ አኃዙን እንዲያስለዩአችሁ አድርጉ፤ ምሥጢሩ ግን ከእናንተ አይውጣ።

ገዢ ቢቸኩል ይታገሥ። የላባችሁ ዋጋ ሂሳባችሁ ውስጥ ሳይገባ ዕቃው ከእጃችሁ አይውጣ።