የሚቀድመው የቦይ ጥያቄ ነው

የአውራጃ አስተዳደር የሕዝቡን ፍላጎት ለበላይ ምክር ቤት ሲያቀርብ፥ መንገዱንም ሕንፃውንም ጉድጓዱንም በአንድ ወረቀት ደርድሮ ይልካል። ሁሉን እኩል የጠየቀ ግን አንዱንም ሳይጨብጥ ይቀራል። በምሥራቅ ሱዳን በኒው ሀልፋ ሊቀድም የሚገባውን ጥያቄ የእርሻው ታሪክ ራሱ ይናገራል።

በአትባራ ወንዝ ላይ የተሠራው የኸሽም አልጊርባ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲፈጸም 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሀልፋ የተነሡት ኑቢያውያንና የአገሩ ከብት አርቢዎች ሹክሪያዎች 15 ፌዳን እየያዙ ጥጥ፣ ስንዴና ኦቾሎኒ ያመርቱ ጀመር። ዳሩ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ደለል በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የማጠራቀሚያውን ግማሽ ያህል ሞላው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በላይኛው አትባራና በሰቲት የተመረቁት ግድቦች ለዚሁ እርሻ ጭምር ውሃ እንዲያጠራቅሙ የታሰቡ ናቸው። ነገር ግን ቦዩ በደለልና በአረም ከተደፈነ የግድብ መብዛት ገበሬውን ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ አስተዳደሩ አስቀድሞ የቦይ ጠረጋን፣ ቀጥሎ ገበሬና አርቢ እንዳይጣሉ የከብት ማለፊያን፣ ከዚያ በኋላ ሕንፃን ይጠይቅ። የክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ቢፈርሱም ለአገረ ገዢው የሚቀርበው ቃል ይኸው ይሁን፤ በ2023 ከተነሣው ጦርነት ሸሽተው ወደዚያ የገቡትም እህል ይሻሉና።

ነገሩ ለእኛም ትምህርት አለው። ያ ደለል የጎንደርና የትግራይ እርሻ አፈር ነው። የወረዳ ምክር ቤቶቻችን በክልላቸው ምክር ቤት ዘንድ የእርከንን ሥራ ቢያስቀድሙ፥ የላዩንም የታቹንም ገበሬ ይጠቅማሉ።