የአባት ቅርስ የገበያ ዕቃ አይደለም

ወጣት ሆይ! ድኽነት ኀጢአት አይደለም፤ ድኽነትን ምክንያት አድርጎ አባት ያቈየውን መሸጥ ግን ኀጢአት ነው። ይኸን የምለው በላስታ ባየሁት ነገር ነው።

ላሊበላ ሄጄ፥ ዐሥራ አንዱን ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ካየሁ በኋላ ወደ መንገድ ብወጣ፥ መስቀልና ሥዕል የሚሸጥ አንድ ጐበዝ ጠራኝ። የዘረጋው ሁሉ አዲስ ነበር። ዋጋውን ብጠይቀው «አባባ፥ ለእርስዎ የሚሆነው ሌላ ነው» አለና ከጋቢው ሥር አንድ የብራና ቅጠል አወጣ። ዳሩ በካራ የተቈረጠ ነው። «መጽሐፉስ የት አለ?» አልኩት። «ሙሉውን የሚገዛ የለም፤ አንድ አንዱን ቅጠል መሸጥ ይሻላል» አለኝ።

ልቈጣው ስል አፌ ተያዘ። እኔም ወጣት መምህር ሳለሁ፥ ያስተማረኝ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ እንዲህ ያለ ቅጠል ገዝቼ አበርክቼለታለሁ። ከየት እንደ መጣ አልጠየቅሁም። ያ ልጅ ይኸን ንግድ የተማረው እንደ እኔ ካለ ገዢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 «አፍሮ አይገባ» የተባለው የወርቅ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። የገዛው የቤልጅግ አገር ቅርስ ሰብሳቢ ነበር፤ መስቀሉ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2001 ነው። እርሱስ ስሙ የታወቀ ስለ ሆነ ፈላጊ አገኘ፤ ስም የሌላትን አንዲት የብራና ቅጠል ግን ማን ይፈልጋታል?

«ታዲያ ምን እንብላ?» የሚለኝ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በወረርሽኝና በጦርነት እንግዳ ጠፍቶ የላስታ ሰው እጅግ እንደ ተቸገረ አውቃለሁ። ቢሆንም ብራናው አንድ ጊዜ ከተሸጠ አለቀ፤ የእጅ ሥራ ግን ነገም ይሠራል። አዲሱን መስቀል አዲስ ነው ብለህ ሽጥ እንጂ፥ በጢስ አጥቍረህ የጥንት ነው አትበል። ያን አለት የፈለፈሉት አባቶች የሚከበሩት ሠርተው ስላለፉ ነውና፥ አንተም ሠርተህ ምሰላቸው።

ገዢውም ከደሙ ንጹሕ ነኝ አይበል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 አለ፤ ነገር ግን በየሱቁ ደጃፍ ዳኛ አይቆምም። እዚያ የሚቆመው የገዢው ኅሊና ብቻ ነው። «ይኸ ከየት መጣ?» ማለት ምንም አያስከፍልም። እኔ ያን ጊዜ ባለመጠየቄ ከስልሳ ዓመት በኋላ አፍራለሁ፤ አንተ ግን በወጣትነትህ ጠይቅ።