የበርበሬው ቅላት

ባለፈው ወር በ19 የገብርኤል ማኅበር ተራ የእኛ ቤት ነበር። ባለቤቴ በየዓመቱ ዛላውን ከገበያ መርጣ፣ ቀንጥሳ፣ ወቅጣና ከቅመሙ ጋር አስጥታ ታስፈጭ ነበር። ዘንድሮ ሥራ በዛባት፤ እኔም «ምን ልዩነት አለው?» ብዬ ስላደፋፈርኋት፣ እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከሚገኝ አንድ ሱቅ የተፈጨ በርበሬ ገዛን። ወጡ እንደ ደም ቀላ። ከማኅበርተኞቹ አንዲት አሮጊት እናት ቀምሰው፣ «ልጄ፣ ቀለሙስ አለ፤ በርበሬው የት ሄደ?» ቢሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ በብርጭቆ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ በርበሬ ነሰነስሁ። የሸክላ ዱቄት አልዘቀጠም፤ ውኃውም ቀይ ክር እየሰደደ አልቀላም። እፎይ ልል ስል ለተማሪዎቼ የማስተምረው የኬሚስትሪ ትምህርት ከለከለኝ። ይህ ሙከራ የሚያጋልጠው ጡብ የተቀላቀለበትን ወይም በውኃ በሚሟሟ ቀለም የተነከረውን ብቻ ነው። ሱዳን የሚባለው ቀለም የሚሟሟው በዘይት ነው። የእውነተኛው በርበሬ ቅላትም የሚለቀው በዘይት ነውና፣ ሁለቱን በዐይን መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው ቤተ ሙከራ ነው።

ሱዳን ስሙ የጎረቤታችንን አገር ይምሰል እንጂ የፋብሪካ ውጤት ነው፤ የተሠራውም ለሰም፣ ለጫማ ቀለምና ለመሳሰለው ነው። በእንስሳት ላይ ዕጢ ማስከተሉ ስለ ታየ ምግብ ውስጥ መጨመሩ የተከለከለ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ከሕንድ በመጣ የበርበሬ ምርት ውስጥ በፈረንሳይ ተገኘ። በ2005 ደግሞ በእንግሊዝ አገር፣ ይኸው ቀለም የገባበት በርበሬ በአንድ ዓይነት መረቅ በኩል ወደ ሌሎች ምግቦች ተዛምቶ፣ ከ400 የሚበልጡ የምግብ ዓይነቶች ከየመደብሩ ተሰበሰቡ።

ይህ እንግዲህ ግልጽ ማጭበርበር ነው። የተፈቀዱትም ቀለሞች ቢሆኑ ክርክር አያጡም። ቀይ ቁጥር 3 የሚባለው፣ በከረሜላ መጠቅለያ ላይ ኢ 127 ተብሎ የሚጻፈው፣ በወንድ አይጦች ላይ የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ማስከተሉ ስለ ታወቀ፣ አሜሪካ በ1990 ከከንፈር ቀለምና ከመሰል መዋቢያዎች አወጣችው። ከምግብ የከለከለችው ግን በጥር 2025 ነው። ከንፈር ላይ የማይቀባው ቀለም 35 ዓመት ሙሉ ለልጆች ሆድ ተፈቅዶ መቆየቱ ያስገርማል! ባለሥልጣኖቹ እንዳሉት በአይጥ ላይ የታየው መንገድ በሰው ላይ አይሠራም፤ ይሁን እንጂ የአገሪቱ ሕግ በእንስሳም ቢሆን ካንሰር የሚያመጣ ቀለም በምግብ እንዳይገባ ያዝዛል። በአውሮፓም ከ2010 ወዲህ ኢ 102ን ጨምሮ ስድስት ቀለሞች ያሉበት ምግብ፣ የልጆችን ትኩረት ሊያውክ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ተደርጓል። በሳሪስ ልጆች ከትምህርት ቤት ምላሳቸው ቀልቶ ሲመለሱ ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም አለ። ነገር ግን ከጆንያ ተሰፍሮ የሚሸጥ በርበሬ የአስፈጪው ስም የለበትም፤ የተፈጨበትም ቀን የለበትም። ግዕዙ ቀለምን «ኅብር» ይለዋል፤ ኅብር ደግሞ አንድነትም ነው። በእኛ በርበሬ ውስጥ ምን ከምን እንደ ተባበረ ማን ይመሰክራል?

ባለ ሱቁን ሄጄ ጠየቅሁት። የልጆች አባት ነው፤ «ከአምጪው ተቀበልሁ፣ የአምጪውን ስም ግን አላውቅም» አለኝ። ማስረጃ ሳይኖረኝ ስሙን ለማጥፋት አልደፈርሁም፤ ለማኅበርተኞቹ ዝም ማለትም አስጨነቀኝ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቤት ስንሰበሰብ ግን ሁሉን ነገርኋቸው። አሮጊቷ እናት፣ «እኔ ያን ቀን ነግሬህ የለም?» አሉኝ። የቀረውን በርበሬ በጠርሙስ አሽጌ ለወረዳው የምግብ ተቆጣጣሪዎች ሰጥቻለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው ባለቤቴ ዛላ ገዝታ በግቢያችን አስጥታለች፤ እኔም እያስነጠስሁ እቀነጥሳለሁ።