የልጅ መንገድ ከቀለቡ እኩል ይታሰብ

ባልና ሚስት በተፋቱ ጊዜ እህሉን ከጎተራው፣ ከብቱን ከበረቱ ቆጥረው በሽማግሌ ፊት መካፈላቸው፣ ምንም እንኳ ልብ የሚያቆስል ቢሆን፣ ተፈጽሞ የሚዘጋ ነገር ነው፤ ልጅ ግን የማይከፈል ስለ ሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ እንጀራ ፍለጋ አገር ለቆ በሄደ ጊዜ ጉዳዩ ከችሎት ወጥቶ መናኸሪያ ይወርዳል።

አባት አዲስ አበባ ሥራ ይዞ እናት ከልጇ ጋር ደምበጫ ቀርታ እንደ ሆነ፣ ልጁ በክረምት ትምህርት ሲዘጋ አባቱን ለማየት ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ በደጀን ወደ ዐባይ በረሃ ወርዶ በጎሐ ጽዮን እየወጣ ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጓዛል። ሕፃን ለብቻው አይላክምና አድራሽ ያሻዋል፤ አድራሹም አድርሶት ይመለሳል፣ ዕረፍቱ ሲያልቅ ዳግመኛ ሄዶ ያመጣዋል። እንግዲህ የአድራሹ 4፣ የልጁ 2፣ በጠቅላላው 6 ትኬት መሆኑ ነው። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ የማደሪያው ይጨመራል። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትኖር እናት ይህን ከወዴት ታመጣዋለች?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ብርቱ ምክንያት ካልተገኘ በቀር፣ ሕፃኑ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ዘንድ እንዲቆይ ደንግጎ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 113 ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት የልጁን አኗኗር፣ ትምህርት፣ ጤናና ቀለብ፣ እንዲሁም ወላጅና ልጅ የሚጠያየቁበትን መብት አብሮ እንዲወስን ያዝዛል፤ የክልላችን የአማራም የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በዚሁ ፈለግ የተጻፈ ነው። ነገር ግን የመኪናው ሒሳብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አንቀጽ 113 አይናገርም፤ ፍርዱም «ይጎብኝ» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ መብቱ በድኻ ቤት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ልጁም አባቱ ገንዘብ ማጣቱን ሳይሆን እርሱን መርሳቱን ያምናል፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል።

«ለቆ የሄደው ይክፈል» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ርትዕ ቢመስልም፣ ለልጇ ቀለብ ብላ ዐረብ አገር በሰው ቤት የምታገለግለውን እናትና ያለ ችግር ርቆ የሄደውን ሰው በአንድ ፍርድ ያስራል። እኔ የምለው፣ ወጪው እንደ ሁለቱ ገቢ ተመዝኖ፣ በፈቃዱ የራቀው ግን ከፍ ያለውን ድርሻ ተሸክሞ፣ በፍርዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ ነው። ይህም ከቀለቡ በላይ ይሁን እንጂ ከቀለቡ ተቀንሶ አይሁን፤ «ለመንገድ አውጥቻለሁ» ብሎ የወሩን ቀለብ የሚያስቀር ወላጅ ልጁን በልጁ ምግብ ሊጠይቀው መጣ ማለት ነውና።

ዳኛው ሌላም ነገር ቢመረምር መልካም ነው፦ የሚጓዘው ስለ ምን ሁልጊዜ ልጁ ይሆናል? አባት ራሱ ደምበጫ ቢመጣ 6ቱ ትኬት 2 ይሆናል። የቀድሞዋ ሚስቱ ደጅ መቆም ቢከብደው የልጁ አያቶች ወይም የክርስትና አባቱ ቤት አለ፤ ለፋሲካ ወይም ለዘመን መለወጫ ሁለት ሦስት ቀን ከልጁ ጋር በዚያ ሊሰነብት ይችላል።

ፍርዳቸው ስለ መንገድ ዝም ያለባቸው ወላጆችም ተስፋ አይቁረጡ። ሁኔታ በተለወጠ ጊዜ ስለ ልጆች የተሰጠው ውሳኔ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል፤ የአንዱ ወላጅ ከደምበጫ ወጥቶ ሩቅ አገር መግባት ሁኔታን መለወጥ ካልተባለ፣ ሌላ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም።